አሮጌው ጎረቤታችን አባ ሳሙኤል

አገሩ ስለ ኑክሌር ማውራት ጀምሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መካከል የኑክሌር ኃይልን ጠቀሱ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ለነገሩ ሐሳቡ ዱብ ዕዳ አይደለም። ኢትዮጵያና ሩሲያ ኑክሌርን ለሰላማዊ አገልግሎት ስለማዋል የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2019 ሶቺ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባልነታችንማ ኤጀንሲው እስከተቋቋመበት ዓመት፣ እስከ 1957 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይወስደናል።

በየካፌው ክርክሩ ደርቷል። ገሚሱ “ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” ይላል። ገሚሱ “ቢፈነዳስ?” ይላል። ሌላው ደግሞ “እነ እንትና ካላቸው እኛ ለምን አይኖረንም?” ብሎ ይደመድማል። እኛ አንድ የቆየ ጥያቄ አለን። ይህቺ አገር ያረጀ የኃይል ማመንጫ እንዴት ትይዛለች? አዲስ ነገር መመረቅማ እናውቅበታለን፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቴሌቪዥን ላይ ሦስት ቀን ይታያል። ሠላሳና አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ማን ያየዋል?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ሰዎች ከበራችን የሚያልፈውን ወንዝ ተከትለን ወደ ታች ብንሄድ እናገኘዋለን። አባ ሳሙኤል ይባላል።

ከቤተ መንግሥት እስከ አባ ሳሙኤል

የአገራችን የመብራት ታሪክ በቤተ መንግሥት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ ያስመጡት ጄኔሬተር ግቢያቸውን አበራ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለ፤ ዓላማውም በአዲስ አበባ ብቅ ብቅ ማለት ለጀመሩት አነስተኛ ፋብሪካዎች ኃይል መስጠት ነበር። እንግዲህ ወንዛችን ዛሬ አፍንጫ አስይዞ ከሚያሳልፈን በፊት መብራት ሰጥቶናል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው አባ ሳሙኤል ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት አካባቢ ወንዙ ተገድቦ ሐይቅ ሆነ። ከሐይቁ የሚወርደው ውሃም ተርባይን አዞረ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ይህ ቁጥር ዛሬ ያስቃል፤ የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነውና አባ ሳሙኤልን ሰባት መቶ ሰማንያ ጊዜ ያጥፈዋል። በዘመኑ ግን አዲስ አበባ ሃያ አራት ሰዓት መብራት እንድታገኝ ያስቻለው ይኸው ማመንጫ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት! ይህን ቃል ዛሬም በምኞት የምንሰማው ሰዎች ልናከብረው ይገባል።

መቼ ተሠራ? እዚህ ላይ ጽሑፎቹ ይጋጫሉ። አንዱ 1932 ይላል፤ ሌላው 1939 ይላል። 1932ን በፈረንጅ ከቆጠርነው ከጣሊያን ወረራ ሦስት ዓመት በፊት ይሆናል። በእኛ ከቆጠርነው ግን 1939/40 (እ.ኤ.አ.) ላይ፣ ማለትም ወረራው መሐል ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ጽሑፎች ይታረቃሉ። የዘመን አቆጣጠሩ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለበጥ አንድ ግድብ ሰባት ዓመት አረጀ።

ይህ የታሪክ ተማሪዎች ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአንድ አሮጌ ግድብ የመጀመሪያው የደኅንነት መሣሪያ መዝገቡ ነው። መሠረቱ ምን ያህል ጠልቆ ገባ? ግርጌው ላይ የሚያንጠባጥበው ውሃ የዛሬ ሃያ ዓመት ስንት ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው? ስንጥቁ አዲስ ነው ወይስ ሲሠራም ነበረ? እነዚህን የሚመልሰው ወረቀት ነው። ወረቀት የሌለው ግድብ ካርድ እንደሌለው በሽተኛ ነው። ሐኪሙ በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል።

መዝገቡን የሚይዘው ቤት ደግሞ ስሙን መለዋወጥ ልማዱ ነበር። በወረራው ዘመን ኮኒየል የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የመብራቱን ሥራ ያዘ። ከነጻነት በኋላ ንብረቱ ለጠላት ንብረት ጠባቂ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1948 የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ተቋቋመ። በ1956 ባለሥልጣን ሆነ፣ በ1997 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2013 ደግሞ ማመንጫው ለአንዱ፣ ማከፋፈያው ለሌላው ተሰጥቶ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ብልህ ነውና ይህን ሁሉ ትቶ “መብራት ኃይል” እንዳለ ቀረ። ፋይል ግን እንደ ሕዝብ አይደለም፤ ቢሮ በተዛወረ ቁጥር አንድ ካርቶን ይጎድላል።

ማን ዘጋው?

አባ ሳሙኤል ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ቆመ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ደለልና የጥገና እጦት ናቸው። እኛ አንድ ሦስተኛ እንጨምራለን፤ ታላላቅ ወንድሞቹ መጡበት። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ በ43.2 ሜጋ ዋት ተመረቀ። በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋ ዋት ተከተሉ። መቶ ሜጋ ዋት ያገኘ ሰው ለስድስት ሜጋ ዋት አካፋ ይዞ ደለል ይዛቃል?

ስለዚህ አባ ሳሙኤል ተተወ። ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ቆመ ቆየ። ሞተሩ ቆመ እንጂ ግድቡ ግን አልቆመም። ልዩነቱን ልብ በሉ። የተበላሸ ወፍጮ ቤት በሩ ቢዘጋ ማንንም አይጎዳም። ግድብ ግን መብራት ባይሰጥም ውሃ መያዙን አያቆምም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ይገፋዋል፣ ደለሉ ይጫነዋል፣ ድንጋዩና ሲሚንቶው ያረጃል። ሥራ ያቆመ ግድብ ጡረታ የማይወጣ ዘበኛ ነው፤ ደሞዙ ቢቋረጥም በሩን ለቅቆ መሄድ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ እንደገና ማመንጨት ጀመረ። በጎ ሥራ ነው፤ ለአሮጌ ነገር ገንዘብ ማውጣት ለማይወድ አገር ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ተርባይን መቀየር አንድ ነገር ነው፣ ተርባይኑን የገደለውን ነገር ማስቆም ሌላ ነገር ነው።

ያ ነገር ደግሞ የሚሄደው ከእኛ ነው። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ተነስቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያልፋል። መካኒሳን፣ ላፍቶን የሚያውቅ ወንዙን ያውቀዋል። ጠዋት አንድ ቀለም፣ ማታ ሌላ ቀለም ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የግንባታ አፈር፤ የማይገባበት የለም። በዳርቻው በወንዙ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። በውሃውም በአትክልቱም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ከዚያ የተረፈው ሁሉ አባ ሳሙኤል ይገባል። ሐይቁ የከተማችን የእጅ መታጠቢያ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል፤ የሚደፋው ግን ጠፍቷል።

ለኃይል ማመንጫ ይህ ምን ማለት ነው? ደለል በተከማቸ ቁጥር ሐይቁ ውሃ የሚይዝበት ሆድ ይጠባል። ሆዱ የጠበበ ሐይቅ ድንገተኛ ጎርፍ ሲመጣ መዋጥ ስለማይችል ውሃው ቶሎ ወደ ማስተንፈሻው ይደርሳል። ደለሉ የታችኛውን በር ከቀበረው ደግሞ ኃላፊው በአደጋ ቀን ውሃ ቀንሱ ቢባል የሚከፍተው ነገር አያገኝም። ፕላስቲኩና እምቦጩ የውሃ መግቢያውን ፍርግርግ ይደፍናሉ። በኬሚካል የተበከለ ውሃ ብረቱን ይበላዋል። እምቦጭ በአገራችን መታየቱ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። ስለ ጣና መጮህ ስንጀምር እዚህ እኛ ደጃፍ ጉዳዩ አርጅቶ ነበር።

መጋቢት 2

“ቢፈነዳስ?” ወደሚለው ወዳጃችን እንመለስ። የኑክሌርን ታሪክ ስናነብ ዕድሜ ብቻውን ገዳይ ሆኖ አናገኘውም። ቸርኖቤል ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የፈነዳው አራተኛው ማብላያ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የፈነዳውም፣ ይታያችሁ፣ የደኅንነት ሙከራ ሲደረግለት ነው። እኛም አገር ጊቤ ሁለት እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ በቀናት ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው አንዱ ክፍል ተደረመሰ። እንደገና ሥራ የጀመረው በዓመቱ መጨረሻ ነው።

የእርጅና ትምህርት ያለው ፉኩሺማ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማብላያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1971 ነበር። አርባ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር ሲቀረው፣ በየካቲት 2011፣ ተጨማሪ አሥር ዓመት እንዲሠራ ተፈቀደለት። በወሩ ሱናሚው መጣ። ውሃው ግንቡን ዘሎ ገባ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማብላያዎቹን ማቀዝቀዝ የነበረባቸው ጄኔሬተሮች በአብዛኛው የተቀመጡት ምድር ቤት ነበርና ሰጠሙ። ከ150,000 በላይ ሰው ቀየውን ለቀቀ።

የሚያበሳጨው ኩባንያው ማወቁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2008፣ የራሱ ሰዎች ከ15 ሜትር በላይ የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አስልተው ነበር። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አደረ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት አደጋውን ሰው ሠራሽ ብሎታል። ከዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ለመሬት መንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ የቀረበው የኦናጋዋ ማመንጫ ግን በሰላም ቆመ። ምክንያቱም ያኖሱኬ ሂራይ የተባሉ መሐንዲስ ግንባታው ሲታቀድ የጥንት ሱናሚዎችን ታሪክ አንብበው “ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት” ብለው ስለሞገቱ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሠርቷል። በዚያ ቀን የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት እዚያው የኑክሌር ማመንጫ ግቢ ውስጥ ነበር። ታሪክ ማንበብ ሰው ያድናል ስንል ለወግ እንዳይመስላችሁ።

ፉኩሺማ የደረሰው መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው መጋቢት 2፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የእኛ ቆሼ ተናደ። ቆሼ ከንፋስ ስልክ ላፍቶና ከኮልፌ ቀራንዮ ድንበር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ ነው። ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። አገሩ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

ቆሼ የኃይል ማመንጫ አልነበረም። ሆኖም አሮጌ ነገር እንዴት እንደሚገድል ከፉኩሺማ እኩል ያስተምራል። መሙላቱ ይታወቅ ነበር። ምትክ ተብሎ ሰንዳፋ ላይ አዲስ ቦታ ተከፍቶ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ። መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ መጡ። ጉዳቱ ወዲያው ስላልታየ ነገሩ የተፈታ መሰለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይህ ነው። ከአደጋው በኋላ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ፤ 25 ሜጋ ዋት ተባለለት። ዛሬ አዲስ የምንለው ይህ ጣቢያም አንድ ቀን አሮጌ ይሆናል።

ግድብ ሲረሳ

“እኛ ግድብ እንጂ ኑክሌር የለንም፤ ምን ያሳስበናል?” የሚል ካለ ወደ ሊቢያዋ ደርና ይመልከት። ከከተማዋ በላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩጎዝላቪያ ኩባንያ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ። ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ታወቀ፤ በ2007 ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ ሥራው በ2010 ተጀምሮ በ2011 አብዮቱ ሲነሳ ቆመ። በ2022 አንድ ሊቢያዊ ተመራማሪ ግድቦቹ ካልተጠገኑ ከተማዋ አደጋ ላይ ናት ብሎ ጻፈ። በመስከረም 2023 አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ግድቦች በአንድ ሌሊት ተናዱ፤ ሺዎች ወደ ባሕር ተወሰዱ። ደርናን ውሃ ብቻ አልገደላትም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ማንም ያልጨረሰው ሥራ አለበት።

እኛም ምልክት አላጣንም። ከቆቃ በታች ወንጂ አለ፣ ከዚያም በታች እስከ አፋር ድረስ በአዋሽ ዳር የሚኖር ሕዝብ አለ። ቆቃ ከመያዝ አቅሙ ቀላል የማይባለውን ለደለል አስረክቧል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአዋሽ ተፋሰስ ያሉ ግድቦች ሞልተው ወንዙ ሲፈስ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። አባ ሳሙኤልም የአዋሽ ቤተሰብ ነው፤ ውሃው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ታዲያ ምን ይደረግ? ኑክሌር ያላቸው አገሮች ብዙዎቹ አንድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው። በየአሥር ዓመቱ ማመንጫቸውን እንደ አዲስ ይመረምራሉ። ጥያቄው “እየሠራ ነው ወይ?” አይደለም። “ዛሬ ቢሠራ ኖሮ በዛሬ ዕውቀት እንዲህ ይሠራ ነበር ወይ?” ነው። ከፉኩሺማ በኋላ ብዙዎቹ ጄኔሬተራቸውን ከፍ ወዳለ ቦታ አወጡ፣ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ገዙ፣ ግንብ ጨመሩ።

ይህን ልማድ ለመጀመር ዩራኒየም አያስፈልግም። አባ ሳሙኤል ላይ፣ ቆቃ ላይ፣ ስድሳ ዓመት በደረሰው ጢስ ዓባይ አንድ ላይ መጀመር ይቻላል። የሐይቁ ደለል በየጊዜው ይለካ፤ ቁጥሩም ለሕዝብ ይነገር። የማስተንፈሻና የታችኛው በር ክረምት ሳይገባ ተከፍቶ ተዘግቶ ይሞከር፤ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ በር በአደጋ ቀን ይከፈታል ብሎ ማመን ጸሎት እንጂ ምሕንድስና አይደለም። በግርጌው የሚያንጠባጥበው ውሃ በየሳምንቱ በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር አይጥፋ። ከግድቡ በታች ያለ ገበሬ ውሃ ሲለቀቅ በምን ድምፅ እንደሚነገረው፣ ወዴት እንደሚሸሽ ይወቅ። ከሁሉ በላይ፣ የሚመረምረው አካል ከሚያመነጨው አካል የተለየ ይሁን፤ ጃፓንን የጎዳት ጠባቂውና ተጠባቂው በአንድ ማዕድ መቅረባቸው ነበር።

የቀረው የእኛ የላይኞቹ ድርሻ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወንዙ ግን አላነበበውም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ሊያስውብ ተነስቷል። ዳርቻው ማማሩን ማንም አይጠላም። እኛ የምንጠይቀው ግን ስለ መሐሉ ነው። አበባ በተተከለበት ዳርቻ ሥር የፋብሪካ ቱቦ ወንዝ ውስጥ የሚፍ ከሆነ አበባው መጋረጃ ሆነ ማለት ነው። የአባ ሳሙኤል ደኅንነት የሚጀምረው ግድቡ ላይ ካለው የብረት በር ሳይሆን መካኒሳ ካለው ቱቦ፣ ላፍቶ ካለው የግንባታ አፈር፣ እያንዳንዳችን ወንዝ ዳር ከምንጥለው ፌስታል ነው።

እኛ ትውልዳችን ኑክሌር አይገባውም፣ አይችልም ከሚሉት ወገን አይደለንም። ይችላል። የሰፈራችን ስም ራሱ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ብርቅ በነበረበት ጊዜ አባቶቻችን “የነፋስ ስልክ” ብለው ያወጡለት ነው፤ አዲስ ነገር ከመቀበል ተፈርቶ አይታወቅም። የሚቸግረን ሁለተኛው ቀን ነው። የኑክሌር ማመንጫ አንዴ ከተሠራ ስድሳ ዓመት ይጠበቃል፣ ከዚያም ፈርሶ እስኪያልቅ፣ ዝቃጩም ለትውልዶች ይጠበቃል። ሪባኑን የቆረጠው ሰው በሕይወት በማይኖርበት ዘመን መዝገቡን የሚከፍት፣ በሩን የሚፈትሽ፣ “ይህ አደገኛ ነው” ሲል የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ዓይነት ሰው ማፍራታችን የሚታወቀው ሞስኮ ላይ በተፈረመ ወረቀት አይደለም። ፈተናው 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ አድራሻውም ከአቃቂ በታች። ክረምት ሊገባ ነው። የአባ ሳሙኤልን የታችኛውን በር ዘንድሮ ማን ከፍቶ ሞከረው?